በቆርቆሮ አጥር መካከል ሾትገን መምረጥ፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቤት መጠበቂያ ጠመንጃ ስለ መምረጥ የተጻፈ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ቆይቶ ከእኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ሠርቶ በቅርቡ የገባ ዘመዴ ሲሆን፣ ከጽሑፉ ጋር ያስከተለው ጥያቄ «አንተ መሣሪያ ታውቃለህና ይህን ልግዛ ወይ?» የሚል ነበር። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ለግቢ ቤት ከማንኛውም መሣሪያ የሚሻለው ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚረጭና ከተኮሰ በኋላ ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ነው፤ ማነጣጠር አያስፈልገውም፤ በእጅ ከሚቀባበለው ፓምፕ ይልቅ ፈጣን ነው፤ አይነክስም፣ ማለትም ጥይት አይሰነቀርበትም፤ በተለይ በኢነርሺያ (በራሱ ወደ ኋላ መንጎድ) የሚሠራው ጽዳት እንኳ አይፈልግም፤ የመቀባበያው ድምፅ ብቻ ሌባን ያባርራል፤ ጥይቱ ከሚገኘው ሁሉ ትልቁ ይሁን፤ ጠመንጃው ጎርሶ ከአልጋ አጠገብ ይቀመጥ፤ ፈቃዱ ቢዘገይ ሰው በሰው ይፈለግ፤ አጥር ዘሎ የገባን ሰው በተመለከተ ሕጉ ከባለቤቱ ጋር ነው።

እኔ ከ10 ዓመት በላይ በአደን ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ የእንግዶችን ጠመንጃ ስረከብ፣ ስጠርግና ስቆልፍ የኖርሁ፣ ዛሬም በለገጣፎ መውጫ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ከቤተሰቤና ከሦስት ተከራዮች ጋር የምኖር ሰው ነኝ። የጸሐፊውን በጎ ፈቃድ አልጠራጠርም፤ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ተነሥቶ በመስኮት የሚያይ አባወራ ምን እንደሚሰማው እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ምክራቸው እንደ ወረደ ቢፈጸም ሌባውን ሳይሆን የጎረቤትን ልጅ የሚገድልበት አጋጣሚ ሰፊ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

እርሳቸው በመጨረሻ ያስቀመጡትን የሕግ ነጥብ እኔ አስቀድማለሁ፤ እርሱ ከተሳሳተ የሌላው ምርጫ ሁሉ ዋጋ የለውምና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲደነግግ፣ ድርጊቱ የማያስቀጣው ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ እንደ ሆነ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ያልቻለ እንደ ሆነ፣ መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ጥቅም ጋር የተመጣጠነ እንደ ሆነ ነው። ከእነዚህ መመዘኛዎች ውስጥ «አጥር መዝለል» የሚል የለም። የውሃ ፓምፕ ተሸክሞ ወደ አጥሩ የሚሮጥን ሰው ከኋላው የተኮሰ ባለቤት በዚህ አንቀጽ ይጠበቃል ብዬ በበኩሌ ለማንም ዘመዴ አልመክርም። አንቀጽ 79 ከመጠን ላለፈ መከላከል ቅጣት እንዲቀልል ይፈቅዳል፤ ተከላካዩ ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም መረበሽ ከልክ አልፎ ከሆነና ሁኔታውም ይቅር የሚያሰኝ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣት እስካለመወሰን ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ሰው ከሞተ በኋላ፣ ተከሳሽ ሆኖ ችሎት ፊት ቆሞ የሚመጣ ነገር ነው።

በእኛ ሰፈሮች ደግሞ አጥር የሚዘለው ሌባ ብቻ አይደለም። የግቢው በር በ3 ሰዓት ተቀርቅሮበት፣ አከራዩን መቀስቀስ አፍሮ፣ በአጥር ተንጠላጥሎ ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚገባ ተከራይ በየመንደሩ አለ። በእኔው ግቢ ከአንድ ጊዜ በላይ ሆኗል። ያን ልጅ በጨለማ ያየሁት ጥላ ሆኖ ነው፤ ስሙን ጠርቼ «አቤት ጋሼ» ባይለኝ ኖሮ ማን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም ጠመንጃ በፊት የሚያስፈልገው ደጁን የሚያሳይ መብራት ነው፤ መብራት ኃይል በጠፋ ሌሊትም የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ጠንካራ ባትሪ ይጨመርበት። ጽሑፉ ስለ መብራት አንድ ቃል አለማንሣቱ ካሳዘኑኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ሰው በሰው ስለ መግዛት ለተሰጠው ምክር መልሴ አጭር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የፈለጉት ዓይነት ለእርስዎ ይፈቀድ እንደ ሆነ ከመግዛት በፊት ፖሊስን ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ በተያዘ ጠመንጃ ሕይወቱን በትክክል የተከላከለ ሰው እንኳ ስለ ጠመንጃው ራሱ ተጠያቂ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያው ቢፈቀድ እንኳ ጥይቱ፣ ማስቀመጫውና መለማመጃ ቦታው አብረው ካልታሰቡ ግዢው ጎዶሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጸሐፊው ሾትገን «ክፍሉን ስለሚሸፍን» ማነጣጠር አያሻውም ይላሉ። ይህ እምነት በአገራችን ብቻ ሳይሆን በየትም የተስፋፋ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይገባል። የተለመደው የ12 ቁጥር ሾትገን አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። 12 የሚለው ቁጥርም የመጣው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ጥይቶች ቢሠሩ የአንዱ ስፋት ከአፈሙዙ ጋር ስለሚገጥም ነው። በመከላከያነት የሚመከረው ደርብ ዜሮ (00) የሚባለው ባለ ትልልቅ ፍሬ ጥይት በ70 ሚሊ ሜትር ቀለህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 9 ፍሬዎችን ይይዛል፤ እያንዳንዷ 8.4 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.5 ግራም ገደማ ክብደት አላት። ፍሬዎቹ ከአፈሙዝ ሲወጡ አንድ ላይ ናቸው፤ ፍሬዎቹን የሚሰበስብ ማጥበቢያ (ቾክ) በሌለው አፈሙዝ የሚበታተኑት በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፍሬዎቹን አቅፎ በሚያወጣ ዘመናዊ ውስጠኛ ላስቲክ የተሠሩት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይበተናሉ። የእኛ ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ወይም 5 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የሚገኘው የፍሬዎቹ ስፋት ከአንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን እምብዛም አይበልጥም። ካምፕ ውስጥ ሳለን እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ጠመንጃዎቹን በካርቶን ላይ እንሞክር ነበርና ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በ5 ሜትር የተተኮሰበት ካርቶን መዳፍ የምትሸፍነው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር የሚታይበት። ያላነጣጠረ ሰው በሾትገንም ይስታል፤ ሲስት ደግሞ አንድ ሳይሆን 9 ፍሬ ይስታል።

የሳቱት ፍሬዎች ወዴት ይሄዳሉ የሚለውን ጥያቄ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው። እነዚያ 9 ፍሬዎች ከአፈሙዝ የሚወጡት በሰከንድ ከ360 እስከ 400 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። በካምፕ ያረጀ የጣራ ቆርቆሮ በ20 ሜትር ላይ አቁመን ስንተኩስ ፍሬዎቹ ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት በስተው ከኋላው ባለው አፈር ውስጥ ይገቡ ነበር። በከተማው ዳርቻ አጥሩ ቆርቆሮ፣ የግቢው በር ላሜራ፣ የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ጭቃ ወይም ቆርቆሮ፣ ማድ ቤቱም ቆርቆሮ ነው። በብሎኬት የተሠራውም ቢሆን ብሎኬቱ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይውፈር እንጂ መሐሉ ክፍት ነው፤ በሩና መስኮቱ ደግሞ ምንም አያስቆሙም። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት መኝታ ቤት አለ፤ ግቢዎቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሳሎን ወደ ደጅ በር የተተኮሰ ጥይት የራስን በር፣ የራስን አጥርና የጎረቤትን ግድግዳ ተራ በተራ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ «ትልቁ ጥይት ይመረጥ» የሚለው ምክር ለእኛ አሠፋፈር በተለይ አደገኛ ነው። ማግነም የሚባለው ረጅሙ የ76 ሚሊ ሜትር ጥይት እስከ 15 ደርብ ዜሮ ፍሬ ይይዛል፤ ይህ ማለት ወደ ጎረቤት ሊያልፉ የሚችሉ ተጨማሪ ስድስት ፍሬዎች፣ በትከሻ ላይም እጅግ የከበደ ምት ማለት ነው። ከዚህ ፈርቶ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄድና ለቆቅና ለጅግራ የተሠራውን ጥቃቅን ፍሬ የሚመርጥ ሰውም አለ፤ እርሱም ቢሆን ቆርቆሮን በቅርብ ርቀት ይበሳል፣ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ ጥቃትን በእርግጠኝነት ለማስቆም ግን አይታመንም። እኔ የምመክረው የ70 ሚሊ ሜትሩን መደበኛ፣ ከተገኘም ባሩዱ የተቀነሰለትን 8 ወይም 9 ፍሬ ያለው ጥይት ነው፤ ከዚያም በላይ አባወራው በቀን ብርሃን ቤቱን ዞሮ ከየትኛው ቦታ ወደ የትኛው አቅጣጫ ቢተኮስ ፍሬው ከሙሉ ግንብ ወይም ከአፈር ላይ እንደሚያርፍ፣ ወደ የትኛውስ አቅጣጫ ፈጽሞ መተኮስ እንደሌለበት ለይቶ ማወቁን ነው። ይህን ሲያደርግ የሚተኮስበት አቅጣጫ ጭራሽ የሌለው ቤት ያጋጥመዋል። እንዲህ ያለ ቤት ለሾትገን አይሆንም፤ ገንዘቡ በጠንካራ በር፣ በውሻና በዘበኛ ላይ ቢውል ይሻላል።

በአሠራር በኩል ጸሐፊው ከፊል አውቶማቲኩ አይነክስም ማለታቸው ትክክል አይደለም። ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን አዲስ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል፤ ጆን ብራውኒንግ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበትና የቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ከ1902 ጀምሮ ያመረተው አውቶ 5 እስከ 1998 ድረስ ሲሠራ ኖሯል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ደካማ ጎን አንድ ነው፦ ራሱን የሚያቀባብልበትን ጉልበት የሚያገኘው ከጥይቱ ነው። ጥይቱ ደካማ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለኢላማ ውድድር የተሠራው 24 ግራም እርሳስ ያለው ቀላል ጥይት ከሆነ፣ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ይቀራል ወይም በመውጫው ላይ ይነከሳል። በእጅ የሚቀባበለው ፓምፕ ግን የጥይቱን ጉልበት አይጠብቅም፤ ጉድለቱ ከሰውየው ይመጣል፤ በድንጋጤ መያዣውን እስከ መጨረሻው ሳይስብ የሚመልስ ሰው ራሱ ያስነክሰዋል። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል፤ የመጀመሪያውን ግን ትተውታል። በአገራችን ደግሞ የፈለጉትን የጥይት ዓይነት በፈለጉት ጊዜ ማግኘት ስለማይቻል፣ የተገኘውን ሁሉ የሚበላ ፓምፕ ለብዙ ሰው የተሻለ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ኢነርሺያውም የተባለው ግማሽ እውነት ነው። በዚህ አሠራር ጥይቱን ከኋላው የሚዘጋው መቀርቀሪያ አካሉ ከባድ ነው፤ በአካሉና በሚሽከረከረው የመቀርቀሪያው ራስ መካከል ጠንካራ ሞላ አለ። ጠመንጃው ሲተኩስ ወደ ኋላ ይነጉዳል፤ ከባዱ አካል ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ ሞላው ይጨመቃል፤ ሞላው ሲዘረጋ መቀርቀሪያውን ከፍቶ ቀለሁን ያወጣል። የባሩድ ጭስ ወደ ውስጥ ስለማይገባ በእርግጥ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን ጠመንጃው በነጻነት ወደ ኋላ መሄድና ከጽኑ ትከሻ ጋር መገናኘት አለበት። ተኳሹ ትከሻው ላይ ሳያስደግፍ ቢተኩስ፣ ሰደፉን ከግድግዳ ወይም ከመኪና ጋር ቢያጣብቅ፣ ወይም በጠመንጃው ላይ ብዙ ተጨማሪ ዕቃ ቢሰቅል የማቀባበል ዑደቱ ሊጎድል ይችላል። አንድ እንግዳችን ጠመንጃውን በመኪናው ቦኔት ላይ ተጭኖ ተኩሶ ሁለተኛው ጥይት ሳይጎርስለት ቀርቶ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ ጠመንጃው ግን ምንም አልነበረበትም።

ለቤት ጠባቂ ከዚህም የከፋ ሌላ ነገር አለ። የኢነርሺያ መቀርቀሪያ በሙሉ ኃይሉ ካልተዘጋ የመቀርቀሪያው ራስ በትክክል ሳይሽከረከርና ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል። ሌሊት ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ መቀርቀሪያውን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚመልስ ሰው በትክክል ይህን ይፈጽማል፤ ከዚያ ቃታውን ሲስብ የሚሰማው ቀጭን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የኢነርሺያ ጠመንጃ ያለው ሰው መቀርቀሪያውን ስቦ ይለቅቀው እንጂ አይሸኘው፤ ከዚያም በመዳፉ ገፍቶ መቆለፉን ያረጋግጥ። በኢነርሺያ ስሙን የገነባው የጣልያኑ ቤኔሊ ፋብሪካ ራሱ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪን) ኤም 1014 ብሎ የተቀበለውን ኤም 4 የሠራው በጋዝ አሠራር ነው። ያን ጠመንጃ ለመብራትና ለተጨማሪ ዕቃ እንዲመች አድርገው ሲሠሩ ወደ ጋዝ መዞራቸው ለጸሐፊው ክርክር በቂ መልስ ይመስለኛል።

በጋዝ የሚሠራው ከአፈሙዙ ጥቂት ጋዝ ቀንሶ በፒስተን አማካይነት መቀርቀሪያውን ይገፋል። ጥላሸት ስለሚይዝ መጠረግ አለበት፤ ክብደቱም ጥቂት ይበልጣል፤ ነገር ግን ምቱን ረዘም ባለ ጊዜ ላይ ስለሚያዳርሰው ትከሻ ላይ ይለሰልሳል። ሁለቱም ዓይነቶች ቢሆኑ ጽዳት ይፈልጋሉ። ከኮዬ ፈጬ እስከ ሰበታ የበጋ አቧራችን የታወቀ ነው፤ በዘይት የራሰ ጠመንጃ ያን አቧራ ሰብስቦ ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ዘይቱ በጨርቅ ተጠርጎ ስሱ ብቻ ይቅር፤ ባይተኮስበትም በየወሩ ተፈትቶ ይታይ።

እንግዲህ ከፊል አውቶማቲክ ለማን ይሆናል ቢሉኝ፣ ለፍጥነቱ ሳይሆን ለትከሻው ብዬ እመልሳለሁ። አባወራው ከቤት በማይኖርበት ሌሊት ጠመንጃውን የምትይዘው ባለቤቱ ወይም እኅቱ ልትሆን ትችላለች፤ ሦስት ኪሎ ገደማ በሚመዝን ፓምፕ ሁለት ጊዜ የተኮሰ ጀማሪ ሦስተኛውን እየፈራ ነው የሚተኩሰው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። በጋዝ የሚሠራ፣ ከተገኘም ከ12 ቁጥሩ የጠበበው የ20 ቁጥር ጠመንጃ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የተሻለ ነው። የሰደፉ ርዝመትም ይታይ፤ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነው የተለመደው ልክ ለብዙ ሰው ይረዝማልና፣ አጭር ሰደፍ የሚቀየርለት ዓይነት ቢመረጥ ጥሩ ነው። ተመርጦ ከተገዛ በኋላም በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ ቤት ውስጥ በሚቀመጠው በዚያው ዓይነት ጥይት፣ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሳይነክስ ካልተኮሰ አላምነውም። ያን ያህል ጥይትና ቦታ ማግኘት የማይችል ሰው ከፊል አውቶማቲኩን ይተወው።

የመቀባበያው ድምፅ ብቻ ሌባን ያባርራል የሚለውን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፤ ድምፁ እርስዎ የት እንደቆሙ ጭምር ለሌባው ይነግረዋል፣ መጮኽና 991 መደወል ግን ጎረቤትንም ሮንድንም ይቀሰቅሳል።

የቀረው አቀማመጡ ነው፤ ይህን ስጽፍ ልጆቼን እያሰብሁ ነው። ብዙዎቹ ሾትገኖች መጠበቂያቸው (ሴፍቲያቸው) ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚያግድ ሌላ ነገር የላቸውም። ጎርሶ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ጠመንጃ ቢወድቅ፣ መጠበቂያው ተደርጎም ቢሆን፣ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ጥይቱ በጠመንጃው የጥይት ማስቀመጫ ቱቦ ውስጥ እንኳ ቢኖር፣ ጥይት ጎርሶ የሚተኮስበት ቦታ ባዶ መሆን አለበት፤ ጠመንጃው ከግድግዳ ጋር በብሎን በታሰረ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉም ከባለቤቱ አንገት ወይም ኪስ አይለይ። ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ጀርባ ልጅ የማያገኘው ነገር የለም። በክፍል ውስጥ የተተኮሰ የ12 ቁጥር ጠመንጃ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ስለሆነና ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በሣጥኑ ውስጥ የጆሮ መከላከያ አብሮ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ለዘመዴ የመለስሁለት መልስ መጀመሪያ ግቢውን አብረን እንድንዞር ነበር። ባለፈው እሑድ ዞርነው፤ ከሳሎኑ በር ትይዩ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ ልጆች የሚተኙበት የቆርቆሮ ክፍል አለ፤ ጀርባውም ወደ መንገድ ነው። በሩን በላሜራ አጠንክሮ፣ ሁለት መብራት ተክሎ፣ የጠመንጃውን ነገር ለጊዜው ትቶታል። ጸሐፊውን የምለምናቸው ጽሑፋቸውን መልሰው ሲያወጡት ማነጣጠር አያስፈልግም የሚለውንና ጎርሶ ከአልጋ አጠገብ ይቀመጥ የሚለውን ሁለቱን አንቀጾች እንዲያነሡ ነው፤ ስለ ኢነርሺያና ስለ ጋዝ ያለን ልዩነት ሊቆይ ይችላል።